ደቻቱ አሸዋ አለው ማለት ሜዳ አለን ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። በድሬዳዋ የፈረስ ግልቢያ ማስተማሪያ ሜዳ መሥራት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ የሚያስረዳውን ጽሑፍ በጋዜጣችሁ ላይ አንብበናል። ጸሐፊው ድሬ ላይ ፈረስ ከጋሪ ሌላም ሥራ ይኑረው ማለታቸው ደስ ያሰኛል። ያልተዋጠልን አንድ አንቀጽ ነው፤ ከተማው አሸዋ ሞልቶታልና ቦታውን ጠርጎ ከደቻቱ፣ ከተማውን አቋርጦ ከሚያልፈው ደረቅ ወንዝ፣ አምጥቶ 20 ሳንቲ ሜትር መድፋት ይበቃል የሚለው። ይህን አምኖ ገንዘቡን የሚያፈስ ሰው አስቀድሞ አሸዋውን፣ ሳይቆይ ደግሞ ፈረሱን ያጣል።

ከጥልቀቱ እንጀምር። 20 ሳንቲ ሜትር ልቅ አሸዋ ላይ ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ ኮቴው ይሰጥማል። ለመውጣት ሲታገል ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከጉልበቱ በታች የሚወርዱት ጅማቶች ከልክ በላይ ይሳባሉ። ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም። መጀመሪያ ጠዋት ላይ ሲዳሰስ እግሩ ሞቅ ይላል፤ ቀጥሎ ትንሽ ያብጣል፤ ማንከስ ሲጀምር ጅማቱ ቀድሞ ተጎድቷል። እንዲህ ዓይነቱ ጉዳት ለመዳን ወራት ይፈጃል፣ ድኖም በቀላሉ ያገረሻል። ለማስተማሪያ ሜዳ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ልቅ ንጣፍ በቂ ነው፤ ዝላይ የሚለማመዱ ከሆነ 7 ወይም 8 ይሁን። በ5 ጀምሮ ለአንድ ወር መጋለብ፣ ካነሰ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር መጨመር ነው። የበዛ አሸዋ ማስወጣት ግን በአካፋ፣ በባሬላ፣ በቀን ሠራተኛ ነው፤ ከማስገባቱ የበለጠ ያስወጣል።

ሒሳቡን እንየው። ለጀማሪዎች የተለመደው ልክ 20 በ40 ሜትር ነው፤ ለድሬሳዥ፣ ማለትም የፈረስ እርምጃ ለሚዳኝበት ውድድር፣ የሚሠራው ሜዳ 20 በ60 ይሆናል። ትንሹ 800 ካሬ ሜትር ነው። እንደ ጽሑፉ 20 ሳንቲ ሜትር ከተደፋበት 160 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 10 ቢያጆ አሸዋ ይበላል። በ6 ሳንቲ ሜትር ግን 48 ሜትር ኩብ፣ 3 ቢያጆ ብቻ ነው። የተረፈው የ7 ቢያጆ ገንዘብ፣ ሌላም ተጨምሮበት፣ ከአሸዋው በታች ላለው መደብ ይዋል ባይ ነን።

መደቡ እንዲህ ይሠራል። ላይኛው አፈር ከነሥሩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይነሣል። ሲቆፈር ዋልካ ከተገኘ በዚያው አይለፍ፤ ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የተሠራውን ሁሉ ይዞ ይንቀሳቀሳል። ሌላ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ወርዶ በሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ ሙሌት አፈር፣ መተካት አለበት። ከዚያ መሬቱ ተዳፋቱን እንደያዘ በሮለር ይጠቀጠቃል። ተዳፋቱ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ነው፤ በ20 ሜትሩ ወርድ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ማለት ነው። ከ2 በመቶ ካለፈ ዝናብ አሸዋውን ጠርጎ ታችኛው ጥግ ይከምረዋል። ጭራሽ ተዳፋት ከሌለው ደግሞ ውሃ ይተኛል።

በዚህ ላይ ጠጠሩ ይመጣል፤ ተጠቅጥቆ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን። 120 ሜትር ኩብ ነው፣ ነገር ግን ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ ሩብ ያህል ጨምሮ 150 ሜትር ኩብ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ወደ 10 ቢያጆ ይጠጋል። ጠጠር በመጠኑ 02 (ትልቁ)፣ 01 (መካከለኛው) እና 00 (ደቃቁ) ይባላል፤ አንድ ወጥ የሆነ 02 ብቻ ማፍሰስ ስሕተት ነው። እኩል እኩል የሆነ ጠጠር እርስ በርሱ አይያያዝም፣ ሲረግጡት ይንከባለላል። 02፣ 01 እና 00 የተደባለቀበት ሲሆን ትንሹ የትልቁን ክፍተት እየሞላ ይጨብጣል። ውሃ እየረጩ ነው መጠቅጠቅ፤ ደረቅ ጠጠር ሮለር ቢመላለስበትም አይገባም። ሮለሩ 10 ቶን የሚመዝን ከሆነ 15 ሳንቲ ሜትሩን በአንድ ጊዜ ይችለዋል፤ በእጅ የሚነዳው ትንሹ ከሆነ ግን ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር በሆነ ድርብ እየከፋፈሉ ነው። ያለቀ መሆኑን ማወቂያው ቀላል ነው፦ የተጫነ ሲኖትራክ በቀስታ ይሂድበት፣ ጎማው ምልክት ከተወ ገና ነው። በመጨረሻ 3 ሳንቲ ሜትር 00 ይለበስና ይጠቀጠቃል።

እዚህ ላይ ድሬዳዋ የታደለችው በሌላ ነገር ነው፤ በኖራ ድንጋይ። ሲሚንቶ እዚህ የሚመረተው ያለ ምክንያት አይደለም። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ውሃ ጠጥቶ ሲጠቀጠቅ እንደ ልስን ይደርቃል፤ ለመደብ ከዚህ የተሻለ በቅርብ አይገኝም። ይኸው ድንጋይ ላይኛው ንጣፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጠላት ይሆናል፤ እንመለስበታለን።

ከጠጠሩ ሥር፣ ከአፈሩ በላይ ጂኦቴክስታይል፣ ማለትም ውሃ የሚያሳልፍ አፈር የሚያግድ ጨርቅ፣ ማንጠፍ አፈሩ ወደ ጠጠሩ እንዳይወጣ ይረዳል። ከአሸዋው ሥር በቀጥታ የሚያነጥፉ አሉ፤ አንመክርም። ፈረስ በሽምጥ ሲታጠፍ ኮቴው ያገኘዋል፣ አሸዋውን የሚያስተካክለው ባለ ጥርስ መጎተቻም ይይዘዋል፤ አንዴ ከተቀደደ እየተጎተተ ይወጣል።

ጎርፉ ለብቻው መነሣት አለበት። ድሬ ላይ ውሃ የሚመጣው ከተማው ላይ ሲዘንብ ብቻ አይደለም፤ ደጋው ላይ ዘንቦ እዚህ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ደቻቱ ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን የሚረሳ የለም። ወንዝ ዳር ሜዳ አይሠራም፤ አለቀ። ራቅ ባለ ቦታም ቢሆን ሜዳው ከአካባቢው 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ በተራራው በኩል ወርዱ 60፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። አሸዋ እንዳይሸሽ ጠርዙ በጣውላ ይታሰራል፤ ከታችኛው ጎን በየ2 ወይም 3 ሜትሩ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ይተውለት። ድንጋይ ካብ አጥር አድርገው አሸዋውን እስከ ካቡ የሚያስጠጉ አሉ። ጋላቢ ጠርዝ ላይ ቢወድቅ ካቡ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ወደ አሸዋው። ደቻቱና ሌሎቹ ደረቅ ወንዞች ከደቡቡ ተዳፋት ሲወርዱ የሚያገኙትን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ፤ የኖራ ድንጋይ፣ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከሥር ያለውን ጥንታዊ ጠንካራ ዐለት ጭምር። ስለዚህ ከአንዱ መታጠፊያ የተጫነው ቢያጆ ከሚቀጥለው ጋር አይመሳሰልም። ከተማ ውስጥ ካለፈው ሲጫን ደግሞ ጠርሙስ ስባሪ፣ ምስማርና ምላጭ አብሮ ይጫናል። በዚያ ላይ ጎርፍ ባለፈ ማግስት ላዩን የሚቀረው ደለል ነው። አሸዋ ሻጭ ይህን ሁሉ በአንድ ስም ይጠራዋል። ገዢው ግን ሦስት ነገር መለየት አለበት፤ ደለሉን፣ የቅንጣቱን ቅርጽና የድንጋዩን ዓይነት።

ደለሉን ለማወቅ ሃይላንድ ይበቃል። አንድ ሦስተኛውን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልቶ፣ ጥቂት ጨው ጣል አድርጎ በደንብ መናጥና ማስቀመጥ። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፣ ደለሉ በሰዓታት፣ ሸክላው ሌሊቱን አድሮ። ጠዋት ላይ ከአሸዋው በላይ የተኛውን ደቃቅ ድርብ በማስመሪያ መለካት ነው። አሸዋው 80 ሚሊ ሜትር ሆኖ ደቃቁ ከ4 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይቅር። ለኮንክሪት እስከ 6 በመቶ ደለል ይፈቀዳል፤ ለፈረስ ግን ከ5 በታች እንላለን፣ ምክንያቱም ኮንክሪት ውስጥ የገባ ደለል ታስሮ ይቀራል፣ ሜዳ ላይ ያለው ሲረጥብ ይደድራል፣ ሲደርቅ ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

መጠኑን በተመለከተ ግንበኛና ፈረሰኛ አይገናኙም። ግንበኛ ከደቃቅ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የተሰባጠረ አሸዋ ይወዳል፣ ጥቅጥቅ ስለሚል። ያው ጥቅጥቅ ማለቱ ነው ለኮቴ የማይሆነው። የምንፈልገው አብዛኛው ከሩብ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ቅንጣት የሌለው ነው። የመስኮት የትንኝ ወንፊት ላይ ጥቂት ኪሎ ነፍቶ የቀረውን መመዘን ጥሩ ግምት ይሰጣል። ከ100 ኪሎ 10 ኪሎ ጠጠር ከቀረ ከ48 ሜትር ኩቡ ምን ያህል እንደሚጣል አስቡት። ጠጠሩ ሳይነፋ ከቀረ ደግሞ ከኮቴ ሥር ገብቶ መርገጫውን ይቀጠቅጠዋል፤ ከውስጥ መግል ይቋጥራል፣ ፈረሱ በድንገት አንድ እግሩን አላስረግጥ ይላል።

ቅርጹ ከሁሉ ይበልጣል። ብዙ የተጓዘ አሸዋ ተንከባሎ ተንከባሎ ይከብባል። ክብ ቅንጣት ላይ መሮጥ ወለል ላይ የተበተነ ሽምብራ ላይ እንደ መቆም ነው፤ ፈረሱ ሲዞር አሸዋው ከሥሩ ይሸሻል። በተቃራኒው በጣም ሹል የሆነ፣ ገና ከወፍጮ የወጣ አሸዋ ኮቴን እንደ ሞረድ ይበላል፣ ራሱም እየተሰባበረ ይደቅቃል። መካከለኛው፣ ጥጉ በትንሹ የተሞረደው፣ ነው የሚፈለገው። ለመለየት ታጥቦ የደረቀውን በመዳፍ ማሸት፣ ከዚያ እርጥብ አድርጎ በጡጫ መጭመቅ። ጥሩው አሸዋ ጡጫ ሲከፈት ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ቅርጹን ጨርሶ ካልያዘ ክብ ነው፤ ተነክቶም እንደ ጭቃ ጉብ ብሎ ከቀረ ሸክላ አለበት። በስልክ ካሜራ ቀርቦ ማንሣትና አጉልቶ ማየትም ይቻላል።

ሦስተኛው የኖራው ነገር ነው። ኖራ ድንጋይ ለስላሳ ነው፤ ብረት የተመታ ኮቴ በየቀኑ ሲረግጠው ይፈጫል። ታጥቦ የገባ ንጹሕ አሸዋ በዓመት ውስጥ ተመልሶ ነጭ አቧራ ሲሆን ባለቤቱ የታጠበ ብለው አታለሉኝ ይላል። አላታለሉትም፤ አቧራው እዚያው ሜዳው ላይ ተፈጭቶ ነው። ይህን ቀድሞ ለማወቅ ከሱቅ አንድ አቼቶ መግዛት ነው። በተጣራ፣ በታጠበና በደረቀ አሸዋ ላይ ሲንጠባጠብ ብሽሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። መጠኑን ለማወቅ 50 ግራም አሸዋ ግማሽ ሊትር አቼቶ ውስጥ ሌሊቱን ማሳደር፣ በማግስቱ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መልሶ መመዘን። 50 የነበረው 45 ከሆነ 10 በመቶው ሟሟ ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ የሚሟሟውን ለላይኛው ንጣፍ አንቀበልም። ያ አሸዋ ለልስን ይሂድ።

የተሻለው ከየት ይምጣ ለሚል፣ ከሐረር አልፎ በባቢሌ በኩል ያሉትን ደረቅ ወንዞች እንዲያዩ እንመክራለን። እነዚያ የታወቁት የተቆለሉ ድንጋዮች ግራናይት ናቸው፤ ከግራናይት የሚፈርሰው አሸዋ ጠንካራ ቅንጣት የበዛበት ነው፣ ሩቅ ስላልተጓዘም ገና ጥግ አለው። እሱም ቢሆን በሃይላንዱ፣ በወንፊቱና በአቼቶው ማለፍ አለበት። ማጓጓዣው ይወደዳል፣ ከሐረር ድሬ ብቻ ወደ 54 ኪሎ ሜትር ነው። ነገር ግን 3 ቢያጆ ከሩቅ ማምጣትና 10 ቢያጆ ከቅርብ ማምጣት ዋጋቸው ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። ሐረር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ጭንቀት ይቀልለታል፤ እዚያ የሚያሳስበው ዝናቡ ስለሆነ ተዳፋቱን ወደ 1.5 በመቶው ያስጠጋ።

በአሸዋ ፋንታ ሌላ ነገር ስለሚያስቡ ደግሞ ባጭሩ። ሰጋቱራ ለጥቂት ወር ምቹ ነው፤ ከዚያ ይበሰብሳል፣ ዝናብ ሲያገኘው ያንሸራትታል፣ ከሁሉ በላይ እዚህ አገር ምስጥ አለ። ገረባ (የጫት ትራፊ) አድርቆ ማንጠፍ የሚል ሐሳብም ሰምተናል፤ ድሬ ላይ ነፃ የሆነ ነገር ገረባ ብቻ ነውና አይገርምም፣ ግን ፈረሱ ጎንበስ ብሎ ይበላዋል፣ የቀረውን ፍየሎች ይጨርሱታል። የቡና ገለባም እንዲሁ ይበሰብሳል፣ ፈረስም ከበላው ካፌይኑ አብሮ ይገባል። የተከተፈ ጎማ ድንጋጤ ይቀንሳል፣ ሆኖም ውስጡ የሽቦ ቅሪት ካለበት ኮቴ ይወጋል፣ በግንቦት ፀሐይ ደግሞ ጥቁር ጎማ እንደ ምጣድ ይግላል። አሸዋን ለማያያዝ የተከተፈ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሚቀላቅሉ አገሮች አሉ፤ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይገባል። ጥሩ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ነው። እኛ ጋ ያለው የጥጥ ብጣሽ ይበሰብሳል፣ ረጅም ክር የቀረበት እንደሆነም እግር ይጠልፋል።

ውሃውን እንደ አራተኛ ድርብ ቁጠሩት። ደረቅ አሸዋ ጥሩም ቢሆን ልቅ ነው፣ አቧራውም ሲሊካ ስላለበት ለፈረስም ለአስተማሪም ሳንባ አደገኛ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ውሃ በ800 ካሬ ሜትር ላይ 800 ሊትር ነው። 6 ሳንቲ ሜትሩን እስከ ሥር ለማራስ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ 4,000 ሊትር። አንድ 10,000 ሊትር ቦቴ ለሁለት ቀን ተኩል ማለት ነው። ውሃ በጀሪካን በሚቆጠርበት ከተማ ይህን ሳያስቡ ሜዳ መጀመር አይገባም፤ ሮቶው ከአሸዋው ቀድሞ ይገዛ። የሚረጨው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ሌሊቱን ወደ ታች ይሰርጋል። በቀትር የሚረጭ ላዩን ብቻ አርሶ ይተናል፣ ከሥር ደረቅ ላዩን እርጥብ የሆነ ንጣፍ ደግሞ ያንሸራትታል። ሥልጠናውም ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቢሆን ፈረሱም ውሃውም ይተርፋል። ሁሉንም ማርጠብ ካልተቻለ ጠርዙን ተከትሎ ያለውን መንገድና አንድ 20 ሜትር ክብ ብቻ ማርጠብ ይቻላል፤ ጀማሪ ከዚያ አይወጣም።

የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሁሉም ያውቀዋል። ያው ነገር ሜዳው ላይም ይቀራል። በሊትር 300 ሚሊ ግራም አለበት ብንል፣ 4,000 ሊትር በየቀኑ ከ1 ኪሎ በላይ ኖራ ይተዋል። ላዩ ቅርፊት ሲሠራ ከመርጨት በፊት መበተን ነው።

አቧራ ለመከላከል ጨው እንበትን የሚሉ አሉ። ከአየር እርጥበት የሚስበው ማግኒዝየም ክሎራይድ ወይም ካልሲየም ክሎራይድ ነው፤ ተራው የአፋር ጨው አየሩ ከ75 በመቶ በላይ እርጥበት ካልያዘ አይስብም፣ ድሬ ላይ ቀን ቀን ያን ያህል እርጥበት የለም። የሚቀረው ጉዳቱ ነው፤ ኮቴ ያደርቃል፣ ብረት ያዝጋል። ነፋስ ለመስበር ኒም መትከል ይሻላል፤ ቅጠሉ ሜዳው ላይ ተከማችቶ እንዳይበሰብስ 6 ሜትር ያህል ይራቅ። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ወራሪ ዛፍ ግን በአጥርነትም አይታሰብ፤ እሾኹ ኮቴ ይበሳል።

እንክብካቤው ብዙ አይደለም። ፋንድያ ወዲያው ይነሣል፤ ከተረገጠ ደርቆ አቧራ ይሆናል። ከ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ የተበየደ፣ ጥርሱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ መጎተቻ ራሱ ፈረሱ በቀን አንድ ጊዜ ይጎትተዋል። ጥርሱ ረዝሞ መደቡን ከነካ ጠጠሩ መውጣት ይጀምራል፣ ያ ከሆነ ሥራው ተበላሸ። በጠርዙ በኩል ያለው መንገድ ይጎደጉዳል፣ ከመሃል መልሶ መሙላት ነው። በሞረድ 5 እና 7 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት የተደረገበት ቁራጭ ፌሮ በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ቦታ እየወጉ ማየት ነገሩን በጊዜ ያሳያል።

ግዢው ላይ አንድ ነገር። ቢያጆ የሚባለው በልማድ እንጂ በልክ አይደለም፤ የመኪናው ሳጥን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሜትር ይለካ፣ ላዩ የተቆለለው ወይም የጎደለው ይታይ። ናሙና ያሳየውና ያመጣው አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ሾፌሩን ጥቂት አስጠብቆ፣ መኪናው ላይ ወጥቶ፣ ከላዩ ሳይሆን ክንድ ያህል ከውስጥ መዝገን፣ አቼቶውን እዚያው ማንጠባጠብ። ሾፌሩ ይነጫነጫል፤ ይነጫነጭ። ከተራገፈ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ከአክብሮት ጋር
በፈረስ አያያዝና በመሬት ሥራ ላይ የተሰማራን አንባቢዎቻችሁ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ